ፔጆ 404 በሐረር፦ ብሮሸሩ የገባው ቃልና ከተማው ያደረገው

ሐረርን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንኳ የጀጎልን ግንብ፣ ማታ ማታ ሥጋ የሚጎርሱትን ጅቦችና ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ የተቀባውን ታክሲ ለይቶ ያውቃል። ታክሲው ፔጆ 404 ነው። ፈረንሳዮቹ ይህን መኪና አገራቸው ውስጥ መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሐረር ውስጥ ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ከፈረስ መጋላ አደባባይ እየተነሳ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። አሁን ተመናምኗል፤ ቦታውን ባጃጅ ይዞታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ አረጀ።

ይህ መልስ አያጠግበኝም። 404 ሐረር ላይ ያረጀው ዛሬ አይደለም። ደርግ ሲወድቅም አሮጌ ነበር፤ ሚሊኒየሙ ሲከበርም አሮጌ ነበር። እርጅና ብቻውን የሚጥለው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በወደቀ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያን ሁሉ ዘመን ምን አቆየው የሚለው ነው፤ ቀጥሎ ያ ያቆየው ነገር እንዴት ተለየው የሚለው ይመጣል። እኔ እንደማየው 404ን ያቆዩት የተዘጋ ገበያና የመካኒክ እጅ ተጋግዘው ነው። ገበያው ሲከፈት የመካኒኩ ሙያ ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። ከሁለቱም በፊት ግን ማንም ልብ ያላለው መጥፋት ደርሶ ነበር፤ መኪናው ሲሸጥ አብሮት የመጣው ወረቀት የለም። ነገሩን ከዚያ ወረቀት ልጀምር።

ያኔ አንድ የመኪና ፋብሪካ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ባለ ቀለም ብሮሸር አሳትሞ ለሻጮቹ ይበትን ነበር። የመግዛት አቅሙ ያለውም የሌለውም ሰው ከመደብሩ ሲወጣ በእጁ ይዞት የሚወጣው እሱን ነው። የ404 ብሮሸሮችም በዚያው ወግ የተሠሩ ናቸው። ፊቱና ጎኑ ባንድ ጊዜ እንዲታይ መኪናው ዘወር ብሎ የቆመበት ትልቅ ሥዕል አለ። ወንበሮቹ አሉ። ገላው ተከፍቶ ሞተሩና ካምቢዮው የሚታይበት ሥዕል አለ። የቀለሞቹ ምርጫ፣ በመጨረሻም በደቃቅ ፊደል የተደረደረ የልክ ሠንጠረዥ አለ። ብዙ ሰው ያን ሠንጠረዥ አልፎት ይሄዳል። እኔ ግን ከብሮሸሩ ሁሉ የማምነው እሱን ነው፤ ሥዕሉ ይኳላል፣ ልኩ ግን በሜትር ይመሰከራል። ርዝመት 4.42 ሜትር ገደማ። ወርድ 1.62 ሜትር ገደማ። ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,618 ሲሲ። ማርሽ አራት፣ ዘንጉ ከመሪው ስር። ፍጥነት በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ። ከእነዚህ ውስጥ ወርዱና የማርሹ አቀማመጥ የመኪናውን የሐረር ዕድል የወሰኑ ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

404 ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 ነው። ቅርጹን ያወጣው የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፣ ይኸው ቤት ጥቂት ቀደም ብሎ ለእንግሊዙ ኦስቲን ኬምብሪጅም ቅርጽ ሰጥቶ ስለነበር ሁለቱ መኪኖች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ከኋላ ሾል ብለው የወጡት ክንፎች የዘመኑ ፋሽን ናቸው። መኪናውን ለእኛ አገር የሚመች ያደረገው ግን ከኮፈኑ ስር ያለው ነው። ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሎ ይቀመጣል፤ ኮፈኑ ዝቅ ያለው በዚህ ነው። ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ ተነቅለው የሚወጡ ናቸው። ሲሊንደር ሲበላ ብሎኩን ተሸክሞ ቶርኖ ቤት መሄድ የግድ አይሆንም፤ ያረጀውን ሲሊንደርና ፒስተን አውጥቶ ሌላ መክተት ይበቃል። ባትሪ የደከመ ቀን በማኖቬላ ይነሳል። ሞተር በየጊዜው ለሚወርድበት፣ ባትሪ እንደ ወርቅ ለሚቆጠርበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሽያጭ ብሮሸር ግን እንዲህ ያለውን በትልልቅ ፊደል አይጽፍም። ለፈረንሳዩ የቤተሰብ አባወራ የሚነገረው የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልጋ እንደሚሆን ነው፤ ፖርታባጋጁ የዕረፍት ሻንጣ ሁሉ እንደሚውጥ ነው። ወረቀቱ ለገዢው እንጂ ለአሥረኛው ባለቤት አልተጻፈም።

አሜሪካ ውስጥ ይወጡ የነበሩት የፔጆ ማስታወቂያዎች የ«ሮድ ኤንድ ትራክ» መጽሔት አሳታሚ ጆን ቦንድ መኪናውን በዓለም ላይ ጥሩ ተደርገው ከተሠሩት ሰባት መኪኖች ጋር መመደቡን ደጋግመው ያነሱ ነበር። የፋብሪካ ውዳሴ ነው ብሎ መተው ይቻላል። አፍሪካ ውስጥ የታየው ሌላ ሰባት ግን ውዳሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር 84 መኪኖች ተነስተው መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው በኒክ ኖዊኪና በፓዲ ክሊፍ የተነዳ 404 ነው። በ1966 እና በ1967 በርት ሻንክላንድ በ404 ደጋግሞ አሸነፈ። በ1968 ደግሞ 93 ተነስተው አሁንም 7 ብቻ ሲጨርሱ ቀዳሚዎቹ ያው ኖዊኪና ክሊፍ፣ መኪናውም ያው 404 ነበር። የኬንያና የጎረቤቶቿ ጭቃና አቧራ የሐረርጌን ጭቃና አቧራ ለሚያውቅ ሹፌር ባዕድ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሹፌር ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ወሬ የሚያሳምን ይመስለኛል።

ፔጆ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለምን እንዲህ ሥር ሰደደ? ዋናውን ምክንያት በባቡሩ መስመር ላይ አገኘዋለሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ከመካከል ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ድሬዳዋን የፈረንሳይ ዕቃ ማራገፊያ አደረጓት። ኩባንያው የኢትዮ ፈረንሳይ ነበር፤ ጅቡቲ ራሷ እስከ 1977 በፈረንሳይ እጅ ቆየች። የፈረንሳይ መኪና ከመርከብ ወርዶ፣ ባቡር ላይ ወጥቶ፣ ድሬዳዋ ሲራገፍ ሐረር ከዚያ በመንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መለዋወጫውም በዚያው መስመር ይከተላል። መኪና አንድ አገር ውስጥ የሚቆየው መለዋወጫው በመጣበት መንገድ ልክ ነው፤ ሐረር ላይ ፔጆ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፊያት ሴይቼንቶ፣ በኋላም ላዳ ታክሲ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ወርዱ ልመለስ። የጀጎል ግንብ የሚከበው 48 ሄክታር ያህል መሬት ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ለሰው፣ ለአህያና ለግመል የተለኩ ናቸው፤ ለመኪና ተብሎ የተከፈተው ስድስተኛው የሐረር በር ነው። ከዚያ በር ተነስቶ ፈረስ መጋላ የሚደርሰው መንገድ ለ404 ይበቃዋል። ከአደባባዩ ወዲያ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ግን አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻ ለትከሻ የሚያነካኩ ናቸው፤ 1.62 ሜትር ስፋት ያለው መኪና እዚያ ምን ይሠራል? ስለዚህ 404 ብዙውን ጊዜ ከአደባባዩ አያልፍም ነበር። ከውጪ ያለውን ከተማ፣ ሸዋ በርን፣ አውቶቡስ ተራውን፣ ሆስፒታሉን፣ እያዞረ ሰዉን አደባባዩ ላይ ያራግፋል፤ ተሳፋሪው ከዚያ ቤቱ ድረስ በእግሩ ይገባል። ቀድሞ ፈረስ ይሸጥበት የነበረው አደባባይ የታክሲ ተራ የሆነው በዚህ ልክ ምክንያት ነው። ማርሹ ከመሪው ስር መሆኑ ደግሞ ፊት ለፊት መሀል ላይ እግር የሚከለክል ነገር እንዳይኖር አድርጓል። ብሮሸሩ ለባልና ለሚስት ያሰበው የፊት ወንበር ታክሲ ላይ ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ይይዛል። ለአንድ ታክሲ ባለቤት በየምልልሱ የምትጨመር አንዲት ሒሳብ በዓመት ምን ያህል እንደምትሆን ማስላት ቀላል ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስ ነበረች፤ የሮልስ ሮይሶች ባለቤት በትንሽ ቮልስ ተወሰዱ። ያቺ ቀን ለመኪና ገበያውም የዘመን ወሰን ነበረች። ከዚያ በኋላ የግል መኪና ማስገባት ከባድ ሆነ፤ የውጭ ምንዛሬው ወደ ጦርነትና ወደ መንግሥት ግዢ ሄደ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ 404ን መሥራት አቆመች። ከሁለት ዓመት በኋላ የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ ደረሰ፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ መኪና፣ አዲስ መለዋወጫና ዕቃው የሚመጣበት መንገድ፣ ሦስቱም ተበላሹ። በመጽሐፍ ሕግ ከሄድን 404 ማለቅ የነበረበት ያኔ ነው።

አላለቀም፤ እንዲያውም ዋናው ዘመኑ ያኔ ጀመረ። ሌላ መኪና ሊገባ ስለማይችል ያለው መኪና ዋጋው ከፍ አለ። የወደቀ መኪና የቆመውን ይጠግናል፤ የአንዱ በር ለሌላው፣ የአንዱ ካምቢዮ ለሌላው ይሄዳል። በፋብሪካ ዋጋ ሲሰላ መጠገን የማያዋጣው ነገር ሁሉ የሚተካው ስለሌለ ማዋጣት ጀመረ። የመካኒክ ሰዓት ርካሽ ነው፣ ብረቱ ውድ ነው፤ ይህ የዋጋ አቀማመጥ እስካልተለወጠ ድረስ 404 አይሞትም። ኬንያ ውስጥ የመኪናው ፒክአፕ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ ሲገጣጠም መቆየቱ፣ አርጀንቲናም እስከ 1980 መሥራቷ፣ መለዋወጫው ከዓለም ጨርሶ እንዳይጠፋ ረድቷል። በጠቅላላው ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ 404ዎች ተሠርተዋል፤ እንዲህ በብዛት የተሠራ መኪና ቶሎ ዘሩ አይጠፋም።

በዚያ ዘመን ስለ አንድ 404 ሦስት ዓይነት እውቀት ነበር። አንደኛው ብሮሸሩና የፋብሪካው መጽሐፍ የያዙት ነው፦ መኪናው ሲወለድ ምን እንደነበረ። ሁለተኛው በመካኒኩ እጅ ያለው ነው፦ ዛሬ ምን እንደሆነና ነገ ምን እንደሚፈልግ። ሦስተኛው ሊብሬው ላይ ያለው ነው፦ የማን እንደሆነ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ስንት እንደሆነ። ሦስቱ መጀመሪያ ስለ አንድ ዕቃ ይናገሩ ነበር። ጊዜ ሲሄድ ተለያዩ። ሞተሩ የሌላ ሆነ፣ በሩ የሌላ ሆነ፣ ቀለሙ የታክሲ ሆነ፤ ሊብሬው ግን ያው መኪና ነው ይላል። ታክሲ ለመግዛት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውንና ታርጋውን ነው፤ የሥራ ፈቃዱ ያለው እዚያ ነዋ። ብሮሸሩን የሚጠይቅ ማንም የለም። መንግሥት ሊብሬውን ይጠብቃል፣ መካኒኩ ሙያውን ይጠብቃል፣ የመጀመሪያውን መልክ የያዘው ወረቀት ግን ጠባቂ ስላልነበረው ከሦስቱ ቀድሞ ጠፋ።

ይህን መለያየት አንድ መኪና ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ተራ ይዞ ከቆመ 404 አጠገብ ጠጋ ብዬ ያየሁትን ልንገር። በበሩ ጠርዝ ቀለሙ ተላልጦ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ አንዱ በሌላው ላይ ይታያል፤ ከሁሉም ስር ግራጫ የሚመስል አለ፤ ፋብሪካው የቀባው እሱ ይሁን መሠረቱ አያስታውቅም። ፍርግርጉ መሀል አንበሳው የነበረበት ቦታ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የውስጥ በሩ ልባስ በሰፌድ አበባ ዓይነት ጥለት በተጠለፈ የፕላስቲክ ጨርቅ ተለውጧል፤ ጣሪያው በዚያው። የፍጥነት መቁጠሪያው ቆሟል፤ መሪው ግን ከብዙ እጅ የተነሳ እንደ ቀንድ ለስልሷል። ማርሹ በአንድ ጣት ይገባል። ከፈረንሳዩ ፋብሪካ የተረፈው የማርሹ ልስላሴ፣ የጣሪያው መስመርና የበሩ አዘጋግ ድምፅ ነው፤ የቀረው የሐረር ሥራ ነው። ይህን መኪና ወደ ብሮሸሩ መልክ ልመልሰው ቢባል የወንበሩ ጨርቅ ምን እንደነበረ፣ የቱ ቀለም ከየትኛው ወንበር ጋር ይሸጥ እንደነበረ ከመኪናው ራሱ ማወቅ አይቻልም። ያን የሚያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ባጃጅ ሲመጣ ምን ለወጠ? ብዙ ሰው ርካሽ ስለሆነ አሸነፈ ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የባጃጅ ሞተር ወደ 200 ሲሲ ነው፤ የነዳጅ ፍጆታው የ404ን ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ነዳጅ እየተወደደ በሄደ ቁጥር፣ በተለይም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር፣ ይህ ልዩነት የሹፌሩን የቀን ገቢ የሚወስን ሆነ። ይበልጥ ወሳኝ የሆነው ግን ወርዱ ነው። ባጃጅ 1.3 ሜትር ነው። ከ404 ጋር ያለው ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጀጎል ውስጥ ግን 30 ሳንቲ ሜትር አንድን ተሳፋሪ ከአደባባዩ ወደ ቤቱ ደጃፍ ያቀርበዋል። ጫት የተሸከመች እናት፣ ከሐኪም ቤት የምትመለስ አሮጊት፣ ዝናብ የያዘው ተማሪ ከፈረስ መጋላ ወዲያ በእግሩ መሄድ ካልፈለገ የሚመርጠው ግልጽ ነው። 404 ከአደባባይ ወደ አደባባይ ይሄድ ነበር፤ ባጃጅ መተላለፊያው እስከፈቀደለት ድረስ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል። ፈረንሳዮቹ 404ን ሲለኩት የፓሪስን ጎዳና እንጂ የጀጎልን መተላለፊያ አላሰቡም፤ ሐረር ለአሥርት ዓመታት በዚያ ልክ ኖረች፣ የተሻለ ልክ ያለው ነገር ሲመጣ ወደ እሱ ዞረች። ይህ የመኪናው ጥፋት አይደለም፣ የከተማውም አይደለም።

ከላይ ደግሞ ሌላ መኪና መጣ። ከደርግ በኋላ ያገለገለ ቶዮታ በብዛት ገባ፤ ኮሮላው፣ ቪትዙ፣ ሃይሉክሱ፣ ሕዝቡ ዶልፊን የሚለው ሚኒባስ። የጋራዥ ወጣት እንጀራው ያለበትን ሙያ ይማራል። በቀን አሥር ቶዮታ በሚገባበት ጋራዥ ለሁለት 404 ብሎ የካርቡሬተር አስተካካይ የሚሆን የለም፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። የተዘጋው ገበያ ለመካኒኩ ሙያ አጥር ሆኖለት ነበር፤ አጥሩ ሲፈርስ ሙያው ከትልልቆቹ ወደ ልጆቹ መተላለፉን አቆመ። የቀሩት አንጋፋዎች ሥራ ሲያቆሙ መኪናው ተተኪ ባለሙያ አጣ። ስለዚህ የ404 መውረድ የጀመረው መኪናው መሄድ ያቆመ ቀን ሳይሆን፣ እሱን ለመማር የሚመጣ ልጅ ያጣ ቀን ነው።

በመጨረሻ ሕጉ መጣ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው እነዚህ ሕጎች የውጭውን በር መልሰው ስለዘጉ 404 እንደ ደርጉ ዘመን ዳግም ይጠቀም ይሆን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይመስለኝም። ያኔ በሩ ሲዘጋ ውስጥ የቀረው ባለሙያ ብዙ ነበር፤ አሁን ሲዘጋ ውስጥ የቀረው ባጃጅና ቶዮታ ነው። ተመሳሳይ መዘጋት ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አያመጣም፤ ውስጥ የሚያገኘው ነገር ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ይህ ሁሉ ናፍቆት የተሳፋሪውን ደኅንነት ይረሳል ይባላል። እውነት ነው። አብዛኛው 404 የተሠራው የደኅንነት ቀበቶ ለሁሉም ወንበር ግዴታ ባልሆነበት ዘመን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፍሬናቸው በአራቱም ጎማ ከበሮ ነበር። ጭሱም ጭስ ነው። የታክሲ ባለቤት ልጆቹን የሚያሳድግበት መኪና የቱሪስት ፎቶ ማሳመሪያ እንዲሆን የመጠየቅ መብት ማንም የለውም። ባለቤቱ ሸጦ ባጃጅ ቢገዛ ደግ አደረገ እንጂ አጠፋ አይባልም። እኔ የምለው 404 ታክሲ ሆኖ ይቀጥል አይደለም። ታክሲነቱ ሲያበቃ ስለ እሱ የምናውቀው ሁሉ አብሮ ማለቅ የለበትም ነው። መሥራት ማቆምና መረሳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሐረር ላይ እየሆነ ያለው ሁለቱ በአንድ ላይ ነው።

ሐረር ደግሞ ወረቀት መጠበቅ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በእጅ ጽሑፍና በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ናት። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም መሥራች አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የተሰበሰቡ የቁርኣንና የሌሎች ኪታቦችን ስብስብ ከመጥፋት ከማዳን አልፈው፣ ተረስቶ የነበረው የሐረሪ የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ እንደገና እንዲሠራ አድርገዋል። ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ ማኅተሙ እንዴት እንደሚመታ፣ ያረጁትን መጽሐፎች ፈትቶ በማየት ጭምር ተመልሷል። ከዚህ የምማረው ነገር አለ። ሙያ ከሰው እጅ ቢጠፋ እንኳ ዕቃውና ወረቀቱ አብረው ካሉ ተመልሶ ይገኛል። ዕቃው ብቻውን ሲቀር ግን ግምት ይሆናል። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ሲገባ የተመዘገበው ግንቡ፣ መስጊዶቹና ቤቶቹ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከግንቡ በር እስከ አደባባዩ ሰው ሲያመላልስ የኖረው መኪና በዚያ የቅርስ መዝገብ የለም። ዘመኑ ቅርብ ስለሆነ ቅርስ አይመስልም። ብሮሸር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ ሻጭ የጻፈው ወረቀት ነው፣ እውነትም ውሸትም አለበት፣ ማን ያስቀምጠዋል?

የሚገርመው ብሮሸሩ ራሱ በዓለም ዙሪያ እየጠፋ መሆኑ ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ወረቀት አያትሙም፤ የመኪናው ዝርዝር ስልክ ላይ ይታያል፣ ሞዴሉ ሲለወጥ ገጹም ይለወጣል። እኛ አገር ያገለገለ መኪና የሚሸጠው በቴሌግራም ፎቶ ነው፤ ፎቶው መኪናው ሲሸጥ ይሰረዛል። የዛሬዋ የኤሌክትሪክ መኪና ከሃምሳ ዓመት በኋላ በየትኛው ሰነድ ትታወቃለች? የ404 ወረቀት ቢያንስ አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢ ስላለው ተርፏል፤ የፈረንሳይኛውም የእንግሊዝኛውም ብሮሸር በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና በመኪና ወዳጆች እጅ ይገኛል፤ የፔጆ ፋብሪካም ሶሾ ላይ የራሱ ሙዚየም አለው። ሐረር ላይ የሌለው እዚያ አለ። ከዚህ አንፃር ጉዳዩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

ሊደረግ የሚችለውም ትንሽ ነገር ነው። ከቀሩት 404ዎች ገላቸው ያልተበሳሳ ሁለት ወይም ሦስት መኪኖችን ከነሊብሬያቸው መግዛት፤ ታክሲ ሆነው የኖሩበትን ቀለም ሳይልጡ ማቆየት፤ አንዱን ብቻ በብሮሸሩ መሠረት ወደ ፋብሪካው መልክ መመለስ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ፋብሪካው የላከውና ሐረር የሠራችው ለየብቻ ይታያል። ከዚያ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ መኪናው ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት 404 ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አዛውንት መካኒኮች ገና አሉ። መለዋወጫው ሲጠፋ ከየትኛው መኪና ምን እንደወሰዱ፣ የትኛው ባሌስትራ ተቆርጦ የት እንደዋለ፣ የቶርኖ ባለሙያው የትኛውን ዕቃ ከምን ብረት እንዳወጣው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህን የሚመዘግብ ሰው ካሜራና ደብተር ብቻ ያስፈልገዋል። ጥያቄውንም ከብሮሸሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ሊጀምር ይችላል፤ እያንዳንዱን ልክ እያነበበ፣ «ይህ ሐረር ውስጥ ምን ሆነ?» እያለ።